የልጆች የፊት ቁስል ከቤት እስኪወጣ፦ ስለ ኢምፔቲጎ ቀድሞ ማወቅ የሚገባው

ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ሲበረታ፣ ትንኙም ሲበዛ፣ የልጆች ፊት ላይ የሚወጣ አንድ ቁስል አለ። ከአፍንጫ ሥር ወይም ከከንፈር ዳር ውሃ የቋጠረች ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይጀምራል። ነጥቧ ቶሎ ስለምትፈነዳ ብዙ ጊዜ ውሃ መቋጠሯን እንኳ ሳናይ እዥ ታወጣለች፤ እዡ ሲደርቅ የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ይሠራል። ሐኪሞች ኢምፔቲጎ ይሉታል። እኛ ቤት ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ አዋቂ ተሻግሮ ነበርና ሌላው ቤት በዚያው መንገድ እንዳይመላለስ ብዬ ነው የምጽፈው። ቁስሉን ማዳን ከባድ አይደለም። ከባዱ ቆዳውን አስቀድሞ የከፈተውን ነገር ማግኘት ነው። እሱ ሳይገኝ የሚቀባ ቅባት የሁለት ሳምንት እፎይታ ብቻ ይሰጣል።

በሽታውን የሚያመጡት ሁለት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ እና ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጀንስ ይባላሉ። አንዳንዴ አንዱ ብቻ፣ አንዳንዴ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። የመጀመሪያው በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ደህና ቆዳ ላይ ቢያርፍም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም፤ የትንኝ ወይም የቁንጫ ንክሻ ተቧጥጦ ሲገለጥ፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ አፍንጫው ሥር በንፍጥና በመጥረግ ሲላጥ፣ እከክ፣ ችፌ ወይም ቅማል ሲያሳክክ ግን መግቢያ ያገኛል። ከንክኪው እስከ ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ስለሚወስድ፣ ልጁ ከማን እንደያዘው ለማወቅ መልፋት እምብዛም አይጠቅምም። በብዛት የሚያጠቃው ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉትን ነው። በዓለም ላይ በአንድ ጊዜ 162 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ይህ ቁስል እንዳለባቸው ተገምቷልና «ቤቷን አታጸዳም» እየተባለ እናት የምትታማበት ምክንያት የለም።

የመጀመሪያው ጊዜ የሚባክነው በስያሜው ነው። ከንፈር አካባቢ የወጣ ነገር ሁሉ እኛ ዘንድ ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ሳምንት ይጠበቃል። የከንፈር ምች የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ ነው። ከመውጣቱ በፊት ያቃጥላል፣ ይነዝራል፤ ጥቃቅን ነጥቦች ተጠጋግተው አንድ ቦታ ላይ ይወጣሉ፤ በሌላ ጊዜም እዚያው ቦታ ይመለሳል። ኢምፔቲጎ ያሳክካል እንጂ እምብዛም አያምም፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ወደ አገጭ፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ክንድ ይዘላል። ጉድፍ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ትኩሳት አለው፣ ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛል፣ አዲሱና የደረቀው ጎን ለጎን ይታያል። ጭርት ክብ ነው፤ ጠርዙ እየተላጠ፣ መሃሉ እየዳነ ይሰፋል እንጂ እንዲህ ያለ ማር መሳይ ቅርፊት አይሠራም። ደግሞ በጽሑፍ ላይ «ቀይ» ተብሎ የሚገለጸው ነገር በጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ ይታያል። ቀለሙን ትታችሁ ቅርፊቱን፣ እዡንና እብጠቱን ተመልከቱ።

ሌላ መልክም አለው። በተለይ ከ2 ዓመት በታች ባሉት ላይ ቁስሉ ተለቅ ያለ፣ ልፍስፍስ ውሃ መቋጠር ሆኖ ሆድ፣ ብብት፣ ዳይፐር የሚታሰርበት አካባቢ ይወጣል። ሲፈነዳ ጥሬ ቆዳ ያሳያል፣ ዳሩ ላይ ስስ ልጣጭ ይቀራል። ብዙ ሰው «እሳት ነክቶት ይሆን?» ይላል። ይህ ዓይነቱ ከስታፊሎኮከስ መርዝ የሚመጣ ስለሆነ በቅባት ብቻ አይያዝም፤ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋል። ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነ ደግሞ መግል የያዘች አንዲት ነጥብ ብትሆንም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ። አልጠባም ካለ፣ ካተኮሰ ወይም ቆዳው በሰፊው ከተላጠ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለበት፤ ሲነጋ አይባልም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ቁስሎቹ ጥቂት ከሆኑ፣ ማለትም እስከ ሦስት አራት ቢሆኑ፣ ትኩሳትም ከሌለ፣ የሚቀባ መድኃኒት ይበቃል። ሙፒሮሲን 2 በመቶ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለ5 ቀን፣ ወይም ፊውሲዲክ አሲድ 2 በመቶ በቀን 3 ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይታዘዛል። ብዙ ሰው ግን ቅባቱን ቅርፊቱ ላይ ይለጥፈውና «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። ባክቴሪያው ያለው ከቅርፊቱ ሥር ነው፤ ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ መድኃኒቱ አይደርስበትም።

ስለዚህ ውሃ አፍልታችሁ ለብ እስኪል አቀዝቅዙ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አርጥባችሁ ቅርፊቱ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ሲቀዘቅዝ ከማሰሮው ወይም ከጆጉ ጨርቁ ላይ ውሃ አፍስሱበት እንጂ ቁስል የነካውን ጨርቅ መልሳችሁ ንጹሑ ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ቅርፊቱ ሲለሰልስ ትንሽ ሳሙና አስነክታችሁ በቀስታ ጥረጉ። የለቀቀው ይለቅ፤ ያልለቀቀውን በጥፍር አታንሱት፤ መድማት ከጀመረ እዚያው አቁሙ። በሌላ ደረቅ ጨርቅ ሳትፈትጉ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁና ቅባቱን በስሱ፣ ከቁስሉ ዳር ትንሽ አልፋችሁ ቀቡ። የሽምብራ ፍሬ ያህል ቅባት ለጥቂት ቁስል ይበቃል፤ ማወፈሩ አያፋጥነውም። የቱቦው አፍ ቁስሉን እንዳይነካ በጥጥ ጨልፉ። ሁለት የታመሙ ልጆች ካሉ ደግሞ ለየራሳቸው ቱቦ ይኑራቸው። በመጨረሻም እጃችሁን እንደገና ታጠቡ፤ ይህችን የሚረሳት ሰው ነው በሳምንቱ የራሱ አገጭ ላይ የሚያገኘው።

ልጁ እንቅልፍ ላይ ሳለ ለብ ያለውን ጨርቅ ማኖር ከትግል ያድናል። ለእኛ የሠራልን እሱ ነው።

ቁስሉን በጣና ውሃ ማጠብ ወይም ልጁ እስኪድን ሐይቁ ዳር እንዲዋኝ መፍቀድ ተገቢ አይደለም። ውሃው ንጹሕ አይደለም፤ በዚያ ላይ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ በቆዳ ሲገባ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ ልጁ ያን ሲያክ ለባክቴሪያው ሌላ ቁስል ይከፍትለታል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና አልኮል ጥሬ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። የቡና ዱቄትና ቅቤ ቁስሉን ይሸፍኑታል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድሉትም። ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ ቀለም ከጤና ኬላ ከተሰጣችሁ እንደታዘዘው ተጠቀሙ፤ ሆኖም ቀለሙ ቁስሉ መስፋቱንና አለመስፋቱን ስለሚደብቅ ከመቀባታችሁ በፊት በየቀኑ ዳሩን አስተውሉ። ጠበል የምትወስዱም ብትሆኑ መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ ይቀጥል፤ የልጁን ፎጣና ነጠላ ሌላ ልጅ አይጠቀምበት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ግን «ለሁሉም ቆዳ ይሆናል» ተብሎ ከሚሸጥ ክሬም ነው። አንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ፀረ ፈንገስ፣ ፀረ ባክቴሪያና ስቴሮይድ አንድ ላይ አሉ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ስም ካያችሁ ስቴሮይድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠቱና ማሳከኩ ቀለል ስለሚል የዳነ ይመስላል፤ ስቴሮይዱ ግን የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ኢንፌክሽኑ ውስጥ ለውስጥ ይሰፋል። ፋርማሲ ስትገቡ «የቆዳ ቅባት ስጡኝ» አትበሉ። ቁስሉን አሳዩ፣ ስቴሮይድ እንዳለውና እንደሌለው ጠይቁ፣ ካርቶኑን ራሳችሁ አንብቡ።

ቁስሎቹ ከአምስት ከበለጡ፣ ውሃ የቋጠሩ ከሆኑ፣ ትኩሳት ወይም ንፍፊት ካለ፣ ወይም ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል ከተያዘ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ይህ በሐኪም ትእዛዝ ነው። በተለምዶ የሚሰጡት ክሎክሳሲሊን በቀን 4 ጊዜ ባዶ ሆድ፣ ወይም ሴፋሌክሲን ለ7 ቀን ነው። ልኩ በኪሎ ይሰላል። ለምሳሌ የሴፋሌክሲን የልጆች መጠን ለአንድ ኪሎ በቀን ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ነው፤ 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም የያዘውን ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር በቀን 3 ጊዜ ቢታዘዝለት በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ይህን የምጽፈው ራሳችሁ እንድታዙ ሳይሆን ልጁ ሳይመዘን መድኃኒት ሲጻፍ «ኪሎው ስንት ሆኖ ነው?» እንድትሉ ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ ካርድ ስታወጡ ጀምሮ ተናገሩ፤ ሌላ መድኃኒት አለ።

ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ማስጀመር በጣም የተለመደ ነው። ስታፊሎኮከስ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሳሲሊንን የሚሰብር ኬሚካል ስለሚያመርት ልጁ ሳምንት ሙሉ ጠጥቶም ቁስሉ ይቀጥላል። ዱቄት ሆኖ የሚሸጠው ሽሮፕ ላይም ጥፋት አለ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ መጀመሪያ ግማሽ ያህል ጨምሩና በደንብ ናጡ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ሙሉ፤ አረፋው ሲወርድ ውሃው ከምልክቱ በታች ይሆናልና እንደገና አስተካክሉ። በየጊዜው ከመስጠታችሁ በፊት ናጡት፤ አለዚያ መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዝቃጭ ነው የሚጠጣው። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል፤ በመለኪያው ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ስጡ። የባሕር ዳር ሙቀት ለተበጠበጠ ሽሮፕ አይመችም፤ ፍሪጅ ከሌላችሁ ስንት ቀን እንደሚቆይ ፋርማሲስቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕክምናው ትክክል ከሆነ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ አዲስ ቁስል መውጣቱ ያቆማል፣ እዡም ይደርቃል። በ3ኛው ቀን አዲስ እየወጣ ከሆነ ተመለሱ፤ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ናሙና ተወስዶ መመርመር ያለበት ያኔ ነው። በተቃራኒው በ3ኛው ቀን ልጁ ደህና ሲመስል ማቋረጥ ቁስሉን ይመልሰዋል። ከዳነ በኋላ ቦታው ለሳምንታት ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይቆያል። ይህ ጠባሳ አይደለም፣ በሽታም አይደለም፤ ቅባት አትጨምሩበት።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚዛመትባቸውን መንገዶች መዝጋት ያስፈልጋል። ፎጣ ይታሰባል፤ የእናት ነጠላ ግን አይታሰብም። በነጠላ ጫፍ የአንዱን አፍንጫ ጠርጎ የሌላውን አፍ መጥረግ ልማድ ነው፤ ባክቴሪያው በዚያች ጫፍ ይጓዛል። አንቀልባ፣ የጋራ ትራስ፣ አንድ ጋቢ ውስጥ ሁለት ልጅ፣ እናቶች ሹሩባ የሚሠሩበት ማበጠሪያም እንደዚያው። ጥፍር በአጭሩ ይቆረጥ፤ የሚያክ ጣት ከአፍንጫ ወደ ጉልበት ያመላልሰዋልና። ታማሚው ልጅ መጨረሻ ይታጠብ። አንሶላና ትራስ ልብስ በየቀኑ ካልተቻለ በየሁለት ቀኑ በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ በካውያ ይተኮስ፤ እርጥብ ሆኖ የሚታጠፍ ልብስ አይጠቅምም። ትምህርት ቤትና መዋያ የሚዋጥ መድኃኒት ከጀመረ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ፣ ቁስሉም በፋሻ ላላ ተብሎ ተሸፍኖ መሄድ ይችላል። በቅባት ብቻ የሚታከም ከሆነ 48 ሰዓት ብትጠብቁ ይሻላል። ለመምህሯ ንገሯት፤ ሌላ ልጅ ቶሎ እንዲታይ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁስሉ ከወር በኋላ ሲመለስ ምን ይደረግ? ነገሩ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ፊቱን ትታችሁ እጁን ተመልከቱ፦ የጣቶች መሃል፣ የእጅ አንጓ፣ ብብት፣ ወገብ፣ መቀመጫ፤ በሕፃን ደግሞ መዳፍና የእግር ሥር። ማሳከኩ ማታ ከባሰ፣ ሌላ የቤት ሰውም የሚያክ ከሆነ መነሻው እከክ ነው። በክልላችን በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እከክ በብዙ ወረዳዎች ተዛምቶ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። እከክ ባለበት ቤት ኢምፔቲጎን ብቻ ማከም ከንቱ ነው፤ ልጁ ሌሊት ሲያክ አዲስ ቆዳ ይከፍታል።

የእከክ ሕክምና የሚከሽፈው ደግሞ የሚያክው ብቻ ሲቀባ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ያላሳከከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ፐርሜትሪን 5 በመቶ ከሆነ ከአንገት በታች ያለው አካል ሁሉ፣ ጥፍር ሥርና የጣት መሃል ሳይቀር ይቀባል፤ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ሕፃናት ጭንቅላታቸውም ይቀባል፣ ዓይንና አፍ ሲቀር። ቤንዚል ቤንዞዌት ከተሰጣችሁ ለልጆች መቅጠን እንዳለበት ጠይቁ፤ ያቃጥላል። አይቨርሜክቲን የሚዋጠው ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የተገለጠ ቁስል ብዙ ከሆነ አንቲባዮቲኩን አንድ ሁለት ቀን አስቀድሙት። ልብስና አንሶላ በዚያው ዕለት ይታጠብ፤ የማይታጠበው ጥብቅ ብሎ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጥ። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በየቀኑ መልሶ መቀባት ቆዳውን ያደርቀዋል እንጂ አያድነውም። እከክ ካልሆነ ቁንጫን፣ ትኋንን፣ ቅማልን፣ ችፌን ፈልጉ። አጎበር ለወባ ብቻ አይደለም፤ የትንኝ ንክሻ ሲቀንስ የሚታከክ ቆዳም ይቀንሳል።

አዋቂ ላይ ሲወጣ በልጅ ፊት ላይ ካለው ይለያል። ወንዶች ጢም የሚላጩበት ቦታ ላይ ይታያል፤ ምላጭ አይዋዋሱ፣ እስኪድኑም አይላጩ። ደንገል የሚያጭዱ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በባዶ እግር እርሻ የሚውሉ ሰዎች ቅልጥማቸው ላይ ጥልቅ፣ ጠርዙ የጠነከረ፣ ወፍራም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይወጣባቸዋል። ኤክቲማ ይባላል፤ ከቆዳው ላይኛ ሽፋን አልፎ ስለሚገባ ጠባሳ ይተዋል፣ የሚዋጥ መድኃኒትም ይፈልጋል። አዋቂ ላይ ያለ ምክንያት የሚመላለስ ከሆነ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር መለካትና የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። በየጊዜው የሚመላለስበት ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ባክቴሪያውን አፍንጫው ውስጥ ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ለአፍንጫ የሚቀባ ሙፒሮሲን ሊያዝ ይችላል።

ቁስሉ ዙሪያ እየሞቀ፣ እየጠነከረና እያበጠ በፍጥነት የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ካተኮሰና ከፈዘዘ ነገሩ ከኢምፔቲጎ አልፏል፤ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ቁስሉ ከዳነም በኋላ አንድ ክትትል ይቀራል፤ ከጤና ጣቢያ ስንወጣ ብዙ ጊዜ የማይነገረን እሱ ነው። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የቆዳ ቁስል በጥቂት ልጆች ላይ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ኩላሊትን ያስቆጣል። አንቲባዮቲክ በትክክል የወሰደ ልጅም ከዚህ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው አይባልም። ስለዚህ ቁስሉ የወጣበትን ቀን ጻፉና እስከ 6 ሳምንት ድረስ ጠዋት ጠዋት የልጁን ዓይን ዙሪያ ተመልከቱ። ካበጠ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ፣ መሽናቱ ከቀነሰ ወይም ራሱን ካመመው በዕለቱ ይታይ። አብዛኞቹ ልጆች ክትትል ካገኙ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ስትሄዱ «ከሳምንታት በፊት የቆዳ ቁስል ነበረበት» ብላችሁ ጀምሩ፤ የሽንት ምርመራ እንዲደረግለት፣ የደም ግፊቱም በልጅ ማሰሪያ እንዲለካ ጠይቁ፤ የአዋቂው ማሰሪያ በትንሽ ክንድ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።